ሂርማታ ያለው ባለ በረንዳ ቤት ሳይፈርስ እንለካው

የአዌቱ ልጅ (ሰኞ፣ ምሽት 2:15)

ሰላም ለመድረኩ አባላት። ከሂርማታ ገበያ ወደ አዌቱ ወንዝ በሚወርደው መንገድ ላይ ያለውን ባለ አንድ ፎቅ አሮጌ ቤት የማያውቅ የጅማ ሰው ያለ አይመስለኝም። ታቹ አራት ሱቅ ነው፤ ላዩ ከዳር እስከ ዳር የእንጨት በረንዳ አለው። ባለፈው ሳምንት በሮቹ ላይ በቀይ ቀለም ምልክት ተደረገባቸው። ተከራዮቹ በሁለት ወር ውስጥ ይለቃሉ፤ በቦታው ባለ ስድስት ፎቅ ሕንፃ ይሠራል ተብሏል።

ልማት ይቁም እያልኩ አይደለም። መንገዱ ሲሰፋና የአዌቱ ዳርቻ ሲጸዳ ከልባቸው ደስ ካላቸው ሰዎች አንዱ ነኝ። እኔን የሚያንገበግበኝ የበረንዳው ነገር ነው። ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የሚወርድባት ከተማ ናት። ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ሰማዩ አይታመንም። ልጅ ሳለሁ እናቴ ሐሙስ ገበያ ይዛኝ ስትወጣ ዝናብ ከመጣ የምንጠለለው እዚያ ቤት ሥር ነበር። ቅቤ ሻጯ ቅሏን አቅፋ፣ ባለ አህያው አህያውን በግማሽ አስገብቶ፣ ተማሪው ደብተሩን በሸሚዙ ውስጥ ሸጉጦ፣ ሁሉም እዚያ ይቆማል። ባለ ሱቆቹ አንድ ቀን እንኳን ተነሱልን ሲሉ አልሰማሁም። በዚያው መንገድ አዲስ የተሠሩትን ሕንፃዎች ተመልከቱ። መስታወቱ ከእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ ከላዩ አንድ ክንድ የሚያህል ጥላ የለውም። ዝናብ ሲመጣ ሰው ይሮጣል፤ የሚጠጋበት ግን የለም።

ትናንት ሄጄ የበረንዳውን ምሰሶዎች አንድ በአንድ አየኋቸው። ሰባት ናቸው። ከወገብ በታች ያለው ክፍላቸው በሰው ጀርባ ተፈትጎ እንደ ለፋ ቆዳ ለስልሷል። ወደ ላይ፣ አግዳሚው ከሚያርፍበት ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ በስለት የተቆረጡ አጫጭር ጭረቶች አየሁ። በአንዱ ሦስት፣ በሌላው አምስት፣ በአንዱ ሁለት ናቸው። የቀሩት በቀለም ስለተሸፈኑ አልታዩኝም። የድሮው ባለቤት ቡና ነጋዴ ነበር ስለሚባል የጆንያ ቁጥር ይሆን ብዬ አሰብኩ።

ስለ ቤቱ የምታውቁ ጻፉ። ሜትርና ወረቀት ይዞ አብሮኝ የሚሄድ ሰውም እፈልጋለሁ።


ግንበኛው (ሰኞ፣ ምሽት 3:40)

ልጄ፣ ተባረክ። አርባ ዓመት ግንባታ ላይ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ አሁን ጉልበቴ ደክሞ ቤት ውያለሁ። ስለ በረንዳ ያነሳኸው ከሚመስልህም በላይ ትክክል ነው። እግረኛውን ብቻ ሳይሆን ግድግዳውንም ያዳነው በረንዳው ነው።

ያ ቤት ጭቃ ነው። ቋሚ እንጨት፣ ማገር፣ ከዚያ ምርግ። ጭቃው ከጭድ ጋር ተረግጦ ቀናት ይቦካል፤ አንዴ ተመርጎ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁን ሁለተኛው ምርግ ይሞላዋል፤ በላዩ ማለስለሻው ይመጣል። እንዲህ የተሠራ ግድግዳ ውኃ ካልነካው ከሠሪው ዕድሜ በላይ ይኖራል። ውኃ ከነካው አሥር ክረምት አይዘልቅም። መጀመሪያ የሚበሰብሰው ደግሞ መሬት ውስጥ የተቀበረው የቋሚው ጫፍ አይደለም፤ አፈሩና አየሩ የሚገናኙበት አንድ ስንዝር ቦታ ነው። ስለዚህ የድሮ ሰው ከሥር የድንጋይ መሠረት አነሣ፤ ከላይ ክዳኑን አስረዘመ፤ በመካከል በረንዳ አደረገ። ኮፍያና ጫማ ያደረገ ቤት ማለት ነው።

ብዙ አሮጌ ቤት ያፈረሰው ሲሚንቶ ነው ብል የምትገረሙ ትኖራላችሁ። ባለቤቱ ለማሳመር ብሎ በጭቃው ላይ የሲሚንቶ ልስን ያስለስናል። ጭቃ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይሸሻል። ሲሚንቶ ግን ግትር ነው። ሁለቱ አይስማሙም። በስንጥቁ የገባው ውኃ መውጫ ያጣና ከውስጥ እንጨቱን ይበላዋል። ከዓመታት በኋላ ልስኑ እንደ እንጀራ ተገልጦ ሲወርድ ሰው «ጭቃ ቤት አይረባም» ይላል። እኔም በወጣትነቴ እንዲህ ያለ ሥራ ሠርቻለሁ፤ ዛሬ ድረስ ይቆጨኛል።

ልትለኩ ስትሄዱ የግድግዳውን ውፍረት በመስኮቱ በኩል ለኩ። ከበረንዳው በታች ያለውንና በጀርባ በኩል ለዝናብ የተጋለጠውን ግድግዳ አነጻጽሩ። ልዩነቱን በዓይናችሁ ታያላችሁ።


የላይኛው ክፍል (ማክሰኞ፣ ጠዋት 1:20)

እኔ እዚያ ቤት ውስጥ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ። ከላይ፣ ከደረጃው በስተቀኝ ሁለተኛው ክፍል። ስለዚህ ትንሽ ልናገር።

ቤቱ ከሐምሌ 19 ቀን 1967ቱ አዋጅ በፊት የአንድ ነጋዴ ነበር። አዋጁ ትርፍ ቤቶችን ሲወርስ ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት በቀበሌ ሥር ገቡ፤ እኛም በዚያ መንገድ ገባን። ለአንድ ቤተሰብ የተሠራው ፎቅ ለስድስት አባወራ ተከፋፈለ። ኪራዩ እጅግ ትንሽ ነበር፤ በዚያ ኪራይ ጣሪያ የሚጠግን ግን አልነበረም። እናቴ በክረምት አራት ሳፋ ትደረድር ነበር። መጸዳጃው አንድ ነው፤ ያውም ከጓሮ። ሌሊት ደረጃውን መውረድ ለልጅ ምን ማለት እንደሆነ ከታች ሆኖ በረንዳውን የሚያደንቅ ሰው አያውቀውም።

የምትሉትን ሁሉ አነበብኩ፤ ልቤም ተነክቷል። ነገር ግን ዛሬ እዚያ የሚኖሩት ሰዎች መጀመሪያ የሚጠይቁት «ወዴት እንሄዳለን?» ነው። ከእነርሱ ሁለቱ አብረውኝ ያደጉ ናቸው። ስለ ምሰሶው ስትጽፉ እነርሱንም አስቧቸው።

ይህን ካልኩ በኋላ፣ በረንዳውን እኔም እወደዋለሁ። ቡና የምናሰጣው እዚያ ነበር። እናቴ የታመመች ጊዜ ፍራሿን አውጥተንላት የመጨረሻውን በጋዋን ገበያውን እያየች አሳለፈች። ምሽት ላይ ስድስቱም ቤት ከሰሉን አንድ ቦታ ያቀጣጥላል። ኮንዶሚኒየም ከገባሁ ወዲህ ጎረቤቴን በስሙ ለማወቅ ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል።


መሐንዲስ ከቦሳ (ማክሰኞ፣ ቀን 7:05)

ውይይቱን በአክብሮት ነው የምከታተለው፤ በሙያዬ በኩል ያለውን እውነት ግን ማንሳት አለብኝ። የከተማ እምብርት መሬት ውድ ነው። በሊዝ አዋጁ (721/2004) ቦታ የወሰደ ሰው ግንባታውን በተወሰነለት ጊዜ መጀመርና መጨረስ አለበት፤ ባንክ ደግሞ ወለዱን ይቆጥራል። የሕንፃው ፊት 14 ሜትር ነው ብንል፣ ምድር ቤቱን በሁለት ሜትር ወደ ኋላ ስበህ በረንዳ ስታደርግ 28 ካሬ ሜትር ሱቅ ጠፋ ማለት ነው፤ ያውም ከፍተኛ ኪራይ የሚያወጣው የመንገድ ፊት። ይህን ማን ይከፍላል? ደንበኞቼ የሚጠይቁኝ መስታወትና አሉሚኒየም ነው። በረንዳ ስስልላቸው «ይህ ምን ያስገባልኛል?» ይሉኛል።

አሮጌውን ስለማቆየት፦ ባለ አንድ ፎቅ የጭቃ ቤት ስድስት አባወራና አራት ሱቅ ተሸክሞ እስከ ዛሬ መቆሙ ያስመሰግነዋል፤ ነገር ግን ጭነቱን ሳልመረምር ሰው ይኑርበት ብዬ ልፈርም አልችልም።


የአዌቱ ልጅ (ማክሰኞ፣ ቀን 9:30)

እህቴ የላይኛው ክፍል፣ ስለ ጻፍሽልን አመሰግናለሁ። ከታች ሆኖ የሚያደንቅ ያልሽው እኔን ነው፤ እውነትሽን ነው። ነዋሪዎቹን ሳላነጋግር መጻፌ ስህተት ነበር፤ ነገ ሄጄ አነጋግራቸዋለሁ።

ወንድሜ መሐንዲሱ፣ ስሌትህ ገብቶኛል። አንድ ጥያቄ ብቻ ልመልስልህ፦ ዝናብ ሲዘንብ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሱቅ ፊት የቆመ ሰው ስንት ጊዜ ስኳር፣ ሻማ፣ ብስኩት ገዝቶ ሄዷል? የታች ሱቆቹን ባለቤቶች ጠይቅልኝ።


የጅሬን ሰው (ማክሰኞ፣ ምሽት 1:50)

በረንዳው ከየት እንደመጣ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ወደ ጅሬን ይውጣ። ከከተማው ሰባትና ስምንት ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ከ1870 ዓ.ም. ጀምሮ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ጅማን የገዙት ዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥታቸውን ያቆሙት ኮረብታው ላይ ነው፤ በዋናነትም በእንጨት። በሁለቱም ፎቅ ዙሪያውን ክፍት መተላለፊያ አለው። ንጉሡ ከሁለት ሜትር በላይ ቁመት ነበራቸው ይባላል፤ ልጆች ሲጎበኙ መጀመሪያ የሚያዩት የበሩን ርዝመት ነው። እኔ ግን ጎብኚ ይዤ ስወጣ ከላይኛው መተላለፊያ ላይ አቆመዋለሁ፤ ከዚያ ሆኖ ሸለቆውን በሙሉ ሲያይ ለምን እዚያ እንደተሠራ ሳልነግረው ይገባዋል።

አባ ጅፋር ለምኒልክ በሰላም ገብረው አገራቸውን ከጦርነት አተረፉ፤ በዚህም ንግዱ ሳይቋረጥ ቀጠለ። የንግዱ ማዕከል ሂርማታ ነበረች። የሐሙሱን ገበያ ሲራራ ነጋዴው ሁሉ ያውቀዋል፦ ቡና፣ ማር፣ ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስ። ሰውም ይሸጥበት ነበር፤ ይህን ዘልለን ገበያውን ብናወድስ ለተሸጡት ሰዎች ግፍ ነው። ነጋዴው ሲበለጽግ ቤቱን የሠራው ኮረብታው ላይ ያየውን አስመስሎ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ከላይ ለቤተሰቡ፣ ከታች ለሸቀጡ፣ ፊት ለፊት ለገበያተኛው።

ቤተ መንግሥቱ እድሳት ማግኘቱ ትልቅ ነገር ነው። ሂርማታ ያለው የነጋዴ ቤት ግን የዚያው ታሪክ ሁለተኛ ገጽ ነው። አንዱን ገጽ አድሰን ሌላውን ከቀደድነው መጽሐፉ ይጎድላል።


የካርታ ሰብሳቢ (ረቡዕ፣ ጠዋት 4:10)

በጅሬኑ ወንድማችን ላይ ልጨምር። ሦስተኛም እጅ አለ። ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ጅማን የደቡብ ምዕራቡ ግዛት ዋና ከተማ አድርጓት ነበር። ጌራርዶ ቦዚዮ የሚባል የፍሎረንስ ሰው የጎንደርን፣ የደሴንና የጅማን የከተማ ፕላን ነደፈ፤ ከዚያ ወደ አልባኒያ ተሻግሮ የቲራናን ነደፈ። ፕላኑ በወረቀት ላይ ሲያዩት ያምራል፤ ሰፋፊ ጎዳና፣ አደባባይ፣ በዛፍ የተከበበ የአስተዳደር ሰፈር። ነገር ግን መሠረቱ ሰውን በቀለሙ መለየት ነበር፤ ለጣሊያን አንድ ሰፈር፣ ለአገሬው ሌላ፣ በመካከላቸው ክፍተት። «ፈረንጅ አራዳ» የሚለው ስማችን ያንን ዘመን ይዞ ቀርቷል።

የዚያ ዘመን ሕንፃዎች ፊታቸው ለጥ ያለ፣ መስመራቸው ቀጥ ያለ ነው። ብዙዎቹ የቆርቆሮ ክዳናቸውን ከፍ ባለ ግንብ ይደብቁታል፤ ጠፍጣፋ ጣሪያ እንዲመስል። ለጅማ ዝናብ ይህ ክፉ ምርጫ ነው። ከግንቡ ጀርባ ያለው አሸንዳ በቅጠል ሲደፈን ውኃው ወደ ውስጥ ይገባል። ያደግሁት እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ስለሆነ በየዓመቱ ሰኔ ሳይገባ አባቴ መሰላል ይዞ ሲወጣ ትዝ ይለኛል። ዛሬ የምንሠራቸው የመስታወት ሕንፃዎችም ያንኑ ስህተት በሌላ መልክ እየደገሙ ነው።

ስለ ሕጉ፦ አዋጅ ቁጥር 209/1992 የማይንቀሳቀስ ቅርስን ከቦታው ማንሳትና መጠገን በፈቃድ ብቻ እንዲሆን ያዛል። መጀመሪያ ግን ቅርስነቱ መታወቅ አለበት። ይህ ቤት በማንም መዝገብ ላይ ከሌለ ሊሟገትለት የሚችል ወረቀት የለም። ስለዚህ ልኬቱ የናፍቆት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የመጀመሪያው ሰነድ ይሆናል።


ግንበኛው (ረቡዕ፣ ጠዋት 5:00)

ልክ ነው። አንድ ነገር ግን ለፍትሕ ልናገር። ጣሊያን ቢሄድም የሥራችን ቋንቋ አብሮት አልሄደም። ብረቱን ፌሮ፣ ኮንክሪቱን አርማታ፣ ወለሉን ሊሾ፣ የፎቁን ንጣፍ ሶሌታ፣ እኛን ራሳችንን ሙራቶሪ የምንለው ከእነርሱ ቃል ነው። ለእንጨቱ ሥራ ግን ሁሉም ቃል የራሳችን ነው፦ ቋሚ፣ ማገር፣ ወራጅ፣ ተሸካሚ፣ ካስማ፣ ችንካር። የትኛው እጅ የት እንደሠራ ቃሉ ይነግራችኋል።


አናጢ ከመንደራ (ረቡዕ፣ ምሽት 12:45)

ዘግይቼ ገባሁ። ስለ ጭረቶቹ ማንም ስላልመለሰ እኔ ልመልስ።

የጆንያ ቁጥር አይመስለኝም። ጆንያ የሚቆጥር ሰው ዓይኑ ትይዩ፣ እጁ በሚደርስበት ቦታ ይቆርጣል እንጂ መሰላል ላይ ወጥቶ አይቆርጥም። እኔ እንደምገምተው የአናጢ ምልክት ነው። ምሰሶና አግዳሚ በሌላ ቦታ ተጠርቦና ተበስቶ ሲመጣ የቱ ከየቱ እንደሚገጥም ለማወቅ በሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ጭረት ይደረጋል። ሦስት ጭረት ያለው ምሰሶ ሦስት ጭረት ካለው አግዳሚ ጋር ነው የሚጋባው። አባቴ ይህንን ያደርግ ነበር፤ እኔም አልጋ ስሠራ እስከ ዛሬ አደርጋለሁ።

እንዲህ ከሆነ ደግሞ ትልቅ ነገር ነው። በሚስማር ያልተመታ፣ በችንካር የተያያዘ በረንዳ ይፈታል። ችንካሩን ከጀርባው መትቶ አስወጥቶ፣ በቁጥሩ አውርዶ፣ ሌላ ቦታ መልሶ መትከል ይቻላል። እንጨቱ ዋንዛ ከሆነ ምስጥ ብዙ አይደፍረውም። ቀረሮ ከሆነ ውስጡን መመርመር ያስፈልጋል። የጅማ በርጩማ ከአንድ ግንድ ያለ ሙጫና ያለ ሚስማር ሲወጣ ዓይተናል፤ ይህን ቤት የሠራ ሰው ከዚያው ሙያ የመጣ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት ነፃ ነኝ። መሰላልና መዶሻ ይዤ እመጣለሁ።


ፒያሳ ያደገ (ረቡዕ፣ ምሽት 3:30)

ከአዲስ አበባ ነው የምጽፈው። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲነሣ እኔ ያደግሁበት ቤትም ተነሣ። በየቀኑ በፊቱ ሳልፍ አንድ ቀን ረጋ ብዬ ፎቶ አላነሣሁትም፤ ነገ አነሣዋለሁ ስል ነገ አለፈ። አሁን ለልጄ ደረጃው ስንት እርከን እንደነበረው እንኳን ልነግራት አልችልም። እባካችሁ ቅዳሜን እንዳታሳልፉ።


የላይኛው ክፍል (ሐሙስ፣ ጠዋት 2:00)

ነዋሪዎቹን አነጋግሬያለሁ። ቅዳሜ ብትመጡ ደስ ይላቸዋል፤ አንዷ ቡና አፈላለሁ ብላለች። ጫማችሁን ደረጃው ላይ አውልቁ፤ የላይኛው ወለል ሳንቃ በሰም የሚወለወል ነው፤ እስከ ዛሬም ይወለውሉታል። ከደረጃው አራተኛው እርከን ላልቷል፤ ዳር ዳሩን ርገጡ።


የአዌቱ ልጅ (እሑድ፣ ቀን 8:20)

ትናንት ዘጠኝ ሰዎች ሆነን ሄድን። የሥነ ሕንፃ ተማሪዎች ሦስት፣ አናጢው፣ ግንበኛው ጋሼ ከምርኩዛቸው ጋር፣ መሐንዲሱም መጣ። ስድስት ሰዓት ተኩል ጀምረን መብራት እስኪያስፈልገን ቆየን።

የለካነው ይህ ነው። የፊቱ ርዝመት 14 ሜትር ከ40፤ በሰባቱ ምሰሶዎች መካከል ያሉት ስድስቱም ክፍተቶች 2 ሜትር ከ40 ናቸው፤ በጣም ቢለያዩ በሁለት ጣት። የበረንዳው ስፋት 1 ሜትር ከ85። ክዳኑ ከበረንዳው ጠርዝ ሌላ 70 ሴንቲ ሜትር ይዘረጋል። ስለዚህ የፊቱ ግድግዳ ከዝናቡ ከሁለት ሜትር ተኩል በላይ ይርቃል። ጋሼ እንዳሉት የፊቱን ግድግዳ በጥፍር ብንጭረው አልተነሣም፤ የጀርባው ግን በሁለት ቦታ ማገሩ ወጥቶ ይታያል፤ ከሥርም ያ የተባለው አንድ ስንዝር ቦታ ላይ ቢላዋ ገባልን።

አሁን ወደ ጭረቶቹ። አናጢው መሰላሉ ላይ ወጥቶ ቀለሙን በቀስታ ፋቀ። በአግዳሚው ሥር፣ ከላይ ካልተመለከቱት በማይታይ ቦታ፣ ተመሳሳይ ጭረቶች አሉ። ከገበያው በኩል አንድ ብሎ ይጀምርና በወንዙ በኩል በሰባት ያልቃል። አምስቱ ምሰሶዎች ከነአግዳሚያቸው በትክክል ይገጥማሉ። ስድስተኛው ምልክት የለውም፤ ባህር ዛፍ ነው፤ በኋላ የተተካ። አራተኛው ደግሞ ምልክት አለው፤ ያለው ግን ስድስት ጭረት ነው። ምን እንደሆነ አልገባንም።

አንዲት እናት ቡናውን በረንዳው ላይ አቅርበውልን ሳለ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዝናብ መጣ። ታች ወርጄ ቆጠርኩ፤ ከበረንዳው ሥር ሃያ ሦስት ሰው ቆሟል።


መሐንዲስ ከቦሳ (እሑድ፣ ምሽት 1:15)

የታች ሱቆቹን ባለቤቶች ጠየቅሁ። ሦስቱ በረንዳው ይጠቅመናል አሉኝ፤ አንዱ ደግሞ ሰው በሩን እየዘጋበት መቸገሩን ነገረኝ። አሁን በእጄ ላይ ያለ አንድ ሥራ አለ፤ ባለቤቱን ምድር ቤቱን በ1 ሜትር ከ85 እንዲያስገባ በሥዕል ላሳየው ወስኛለሁ። ከጠፋው ካሬ ሜትር ግማሹን ከላይ ፎቁን ወደ ፊት በማውጣት መመለስ ይቻላል። እሺ ይለኛል ብዬ ቃል አልገባም። የክዳኑን የጠርዝ ዝርዝር ሥዕል ላኩልኝ።


አናጢ ከመንደራ (እሑድ፣ ምሽት 2:05)

የአራተኛው ነገር ሌሊቱን ሲያብሰለስለኝ አደረ፤ አሁን ገባኝ። ስድስተኛው ቦታ ላይ የነበረው ዋንዛ ነው ወደ አራተኛው የመጣው። አራተኛው ተሰብሮ ወይም ተቃጥሎ ይሆናል፤ ቦታው የደረጃው አፍ ስለሆነና ጭነት ስለሚበዛበት ጠንካራውን እንጨት ወደዚያ አመጡ፤ ባህር ዛፉን ደግሞ ቀለል ወዳለው ወደ ስድስተኛው ሰደዱት። የጠገነው ሰው ሥራውን ያወቀ ነበር።

ስድስት የዋንዛ ምሰሶ፣ እያንዳንዱ ከሦስት ሜትር ያላነሰ፣ ዝናብ የማይነካው ደረቅ ቦታ ይፈልጋል። የእኔ ወርክሾፕ ሁለቱን ብቻ ይችላል። ጓሮው ሰፊ የሆነ ወይም መጋዘን ያለው ሰው ካለ እዚሁ ይጻፍልን፤ ሁለቱ ወር እየሄደ ነው።